ኮንሶሉ ጸጥ ያለበት ስዊች፤ «ሪሴት ላድርገው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የአይቲ ቴክኒሻን ሆኜ በቅርቡ ሥራ ጀምሬአለሁ። በምርት አዳራሹ ካቢኔት ውስጥ ያለውን የሁዋዌ ስዊች (የአዳራሹን ዕቃዎች በኔትወርክ የሚያገናኘውን መሣሪያ) ያዋቀሩት ከእኔ በፊት የነበሩት ባለሙያ ሲሆኑ ምንም ሰነድ አላገኘሁም። ደሴ ፒያሳ በገዛሁት የዩኤስቢ ወደ ሲሪያል መቀየሪያና ከአንድ የሲስኮ ዕቃ ጋር በመጣ ሰማያዊ ጠፍጣፋ ኬብል ላፕቶፔን ስዊቹ በቀጥታ ከሚዋቀርበት ቀዳዳ፣ ከኮንሶል ፖርቱ ጋር አገናኝቼ ፑቲ የተባለውን የተርሚናል ፕሮግራም ስከፍት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ላፕቶፔ አዲስ ሲሆን ዊንዶውስ 11 ነው። ያንኑ መቀየሪያና ያንኑ ኬብል ባልደረባዬ ማይክሮቲክ ራውተር በሚያዋቅርበት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ስሰካው ደግሞ የማይነበቡ ምልክቶች ይመጣሉ። ባልደረባዬ «ሪሴት አድርገውና ከዜሮ ጀምር» ይለኛል። ላድርገው ወይ? ቤቴ ደሴ ስለሆነ ወደፊት ከዚያ ሆኜ የምቆጣጠርበት መንገድ ካለም ይንገሩኝ።

ምላሽ፦ ሪሴቱን ይተዉት። ስዊቹ ውስጥ የተቀመጠው ኮንፊግሬሽን የትኛው ፖርት ለየትኛው ቪላን (በስዊቹ ውስጥ ተለይቶ ለተከፈለ ኔትወርክ) እንደተመደበ፣ ወደ ራውተሩና ወደ ሰርቨር ክፍሉ የሚሄዱት መስመሮች እንዴት እንደተዘጋጁ፣ የማኔጅመንት አድራሻውም ስንት እንደሆነ የሚናገር ብቸኛ ሰነድ ነው፤ ከእርስዎ በፊት የነበሩት ባለሙያ በወረቀት ያላስረከቡዎት ሁሉ እዚያ ተጽፎ ተቀምጧል። ሪሴት ቢያደርጉት ይህ ሁሉ አንድም ሰው ሳያነበው ይጠፋል፤ የአዳራሹ ኮምፒውተሮች፣ ካሜራዎችና የሠራተኞች ሰዓት መመዝገቢያው በአንድ ጊዜ ሲቋረጡም ወደነበሩበት የሚመልሱበት ማስረጃ አይኖርዎትም። በዚያ ላይ የጠቀሷቸው ሁለት ምልክቶች ችግሩ ከላፕቶፖቹ በኩል መሆኑን ነው የሚጠቁሙት። ስዊቹን ማጽዳት የላፕቶፕን ችግር አይፈታም።

ምልክቶቹን ለየብቻ እንያቸው። በባልደረባዎ ላፕቶፕ ላይ የመጡት የማይነበቡ ምልክቶች የምሥራች ናቸው። ስዊቹ እየተናገረ መሆኑን፣ ሰማያዊው ኬብል ለዚህ ስዊች የሚሆን መሆኑን፣ ከፒያሳ የገዙት መቀየሪያም እንደሚሠራ በአንድ ጊዜ አረጋግጠውልዎታል። ላፕቶፑ ያቃተው የሚመጣውን መስማት ሳይሆን በትክክለኛው ፍጥነት መስማት ነው። በእርስዎ ላፕቶፕ ላይ ያለው ጥቁር ስክሪን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ መቀየሪያውና ኬብሉ ያው ስለሆኑ ጥርጣሬው በቀጥታ በዊንዶውሱና በፑቲው ላይ ያርፋል። ባልደረባዎ ሁለቱን ምልክቶች እንደ አንድ ችግር ስለቆጠሩት ይመስለኛል ወደ ሪሴት የሄዱት።

መላ ፍለጋውን ከመጀመራችን በፊት በኮንሶል ገመዱ ላይ ምን እንደሚያልፍ መረዳቱ ሥራውን በእጅጉ ያቀልለዋል። ላፕቶፑን ከኮንሶል ፖርት ጋር ሲያገናኙት ላፕቶፑ ለዚያች ሰዓት የስዊቹ ኪቦርድና ስክሪን ብቻ ይሆናል። የሚተይቡት ፊደል በአንድ ሽቦ ወደ ስዊቹ ይሄዳል፤ ስዊቹም የተቀበለውን ፊደል በሌላ ሽቦ መልሶ ይልከዋል፤ ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የሚያዩት የራስዎ ጽሑፍ ስዊቹ ዘንድ ደርሶ የተመለሰው ነው። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በቆየው የአርኤስ 232 ደረጃ የሚመራ ሲሆን፣ ፑቲና ቴራ ተርምን የመሰሉት ፕሮግራሞችም ዛሬ ድረስ የሚከተሉት ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣውን ቪቲ 100 የተባለ ተርሚናል ባሕርይ ነው። በዚህ መንገድ ላይ አይፒ አድራሻ የለም፤ ቪላን የለም፤ ራውቲንግም የለም። ከአንድ ካቢኔት ስዊች እስከ ቴሌኮም ጣቢያ ትላልቅ መሣሪያዎች ድረስ ኔትወርኩ ሙሉ በሙሉ ሲወድቅ የመጨረሻው መግቢያ በር ኮንሶል የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ኔትወርኩን ለመጠገን ኔትወርኩ ራሱ እንዲሠራ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ላፕቶፕዎ እንመለስ። ፑቲ የሌለ ኮም ፖርት (ዊንዶውስ ለሲሪያል ግንኙነት ቁጥር ሰጥቶ የሚከፍተው መግቢያ) እንዲከፍት ከታዘዘ መክፈት እንዳልቻለ የሚገልጽ የስህተት መልእክት ያወጣል እንጂ ጥቁር ስክሪን አያሳይም። የእርስዎ ስክሪን ያለምንም ስህተት ጥቁር ሆኖ ከቀረ አንድ ኮም ፖርት በእርግጥ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ያ ፖርት ግን የመቀየሪያው ላይሆን ይችላል። አዳዲስ ላፕቶፖች ለብሉቱዝ ግንኙነት፣ አንዳንዶቹም ለኢንቴል የርቀት አስተዳደር የሚሆኑ ኮም ፖርቶችን ማንም ሳያዛቸው ይፈጥራሉ፤ ኮም 3 ወይም ኮም 4 የሚለውን አይተው የከፈቱት ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማጣራት ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱና ፖርቶች የሚለውን ክፍል እያዩ መቀየሪያውን ይንቀሉት፤ መልሰውም ይሰኩት። ሲነቅሉት የሚጠፋው፣ ሲሰኩትም ተመልሶ የሚመጣው ስም የእርስዎ ነው። ቁጥሩን ይመዝግቡ፤ በሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ሲሰኩት ቁጥሩ ሊቀየር ስለሚችልም ሁልጊዜ በአንዱ ቀዳዳ ብቻ መጠቀምን ይልመዱ።

ሲሰኩት የሚመጣው ስም ቢጫ ምልክት ካለበት ድራይቨሩ አልተቀበለውም ማለት ነው። በገበያችን የሚገኙት መቀየሪያዎች በአብዛኛው በውስጣቸው የፕሮሊፊክ፣ የሲኤች 340 ወይም የኤፍቲዲአይ ቺፕ አላቸው። የፕሮሊፊክ የቆዩ ቺፖችና አስመስለው የተሠሩት በዊንዶውስ 7 ላይ ያለ ችግር ሲሠሩ ኖረው በዊንዶውስ 11 ላይ ግን አዲሱ ድራይቨር ሆን ብሎ አይቀበላቸውም፤ አምራቹ ለእነዚያ ቺፖች የሚሰጠውን ድጋፍ አቁሟል። አንድ ዓይነት መቀየሪያ በባልደረባዎ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሠርቶ በእርስዎ አዲስ ላፕቶፕ ላይ እምቢ ማለቱ ከዚህ ጋር በጣም ይገጥማል። የቆየ ድራይቨር ፈልጎ በግድ መጫን ለጊዜው ሊያሠራ ይችላል፤ ዊንዶውስ ራሱን ባሻሻለ ቁጥር ግን አዲሱን መልሶ ስለሚጭነው ችግሩ ዋናው ሥራ በሚበዛበት ቀን ይመለሳል። እኔ የምመክረው የኤፍቲዲአይ ቺፕ ያለው ሌላ መቀየሪያ መግዛትን ነው። ሲገዙም ለዲሽ ሪሲቨር ሶፍትዌር መጫኛ የሚሸጡትን ትናንሽ ሰሌዳዎች ከዚህ ጋር እንዳያደባልቁ ይጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ በ3.3 ወይም በ5 ቮልት የሚሠሩ ሲሆኑ አርኤስ 232 ግን ከ3 እስከ 15 ቮልት በሚደርስ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቮልቴጅ ስለሚነጋገር ሰሌዳውን ሊያቃጥለው ይችላል።

ትክክለኛውን ኮም ፖርት አግኝተውም ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ፣ ስዊቹ ዘንድ ሳይሄዱ በጠረጴዛዎ ላይ የሚያደርጉት አንድ ፈተና አለ። ሰማያዊውን ኬብል ከመቀየሪያው ይንቀሉት። የመቀየሪያውን ዘጠኝ ፒን ያለውን ራስ በብርሃን ቢያዩት ከየፒኑ አጠገብ በጣም ደቃቅ ቁጥሮች ተቀርጸዋል፤ አምስት ፒን ባለው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ያሉትን 2 ቁጥርንና 3 ቁጥርን በትንሽ ሽቦ ያገናኟቸው። 2 ቁጥር የመቀበያው፣ 3 ቁጥር የመላኪያው ስለሆነ ላፕቶፑ የላከውን ራሱ መልሶ ይሰማል ማለት ነው። አሁን ፑቲን ከፍተው አንድ ፊደል ይንኩ። ፊደሉ ስክሪኑ ላይ ከታየና ሽቦውን ሲያነሱት መታየቱ ካቆመ፣ ላፕቶፑ፣ ድራይቨሩ፣ መቀየሪያውና የኮም ቁጥሩ ሁሉም ደህና ናቸው። ካልታየ ደግሞ ችግሩ ከእነዚሁ ውስጥ ነው፤ ካቢኔቱን መክፈትም አያስፈልግዎትም። ይህች ፈተና የሁለት ደቂቃ ሥራ ናት፤ ጥርጣሬውን ለሁለት ስለምትከፍል ከሁሉም በፊት እንዲያደርጓት አጥብቄ እመክራለሁ።

ስለ ኬብሉ ብዙ አልልም፤ የባልደረባዎ ላፕቶፕ መልስ ሰጥቶበታል። የሲስኮ ሰማያዊ ኬብል ከአንዱ ጫፍ 1 ቁጥር የሆነው ሽቦ በሌላው ጫፍ 8 ቁጥር የሚሆንበት፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ የተገለበጠ ኬብል ሲሆን የሁዋዌ ስዊቾች የኮንሶል ፒን አደራደርም ከዚያው ጋር ይስማማል። የምጨምረው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፣ የኮንሶሉ ቀዳዳና የኔትወርኩ ቀዳዳ ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ ኮንሶል የሚል ጽሑፍ ወይም ምልክት ያለበትን በእጅ ባትሪ አይተው ይሰኩ፤ በተለይ ኤሌክትሪክ በኔትወርክ ገመድ የሚልኩ አንዳንድ የማይክሮቲክ ዕቃዎች ማን እንደተሰካባቸው ሳይጠይቁ ስለሚልኩ መቀየሪያውን ሊጎዱት ይችላሉ። ሁለተኛው የልብስ ስፌት ፋብሪካ ጉዳይ ነው፤ የጨርቅ ብናኝ ለረዥም ጊዜ ሳይነካ በቆየ ቀዳዳ ውስጥ ተጠቅጥቆ ፒኖቹን ይሸፍናል። ከመሰካትዎ በፊት በደረቅ ብሩሽ ያጽዱት።

ወደ ፍጥነቱ ስንመጣ፣ ይህ ስዊች ከፋብሪካ ሲወጣ የሚጠብቀው ሴቲንግ 9600 ቢት በሰከንድ፣ 8 ዳታ ቢት፣ ፓሪቲ የለም፣ 1 ስቶፕ ቢት፣ ፍሎው ኮንትሮል የለም የሚለው ነው። የማይክሮቲክ ራውተሮች ግን በአብዛኛው 115200 ይጠቀማሉ፤ በባልደረባዎ ላፕቶፕ ላይ ተቀምጦ የቆየው ይኸው ቁጥር እንደሚሆን እገምታለሁ። በ9600 አንድ ቢት በሽቦው ላይ 104 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይቆያል፤ በ115200 ግን ከ9 ማይክሮ ሰከንድ ያነሰ ነው። ስዊቹ አንድ ቢት ልኮ ሳይጨርስ ላፕቶፑ ያንኑ አንድ ቢት አሥራ ሁለት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ስክሪኑ ላይ የሚያዩት ምልክት የዚህ የተሳሳተ ቆጠራ ውጤት ነው። ስለዚህ 9600 ያድርጉትና ኤንተርን ደጋግመው ይንኩ። ያም ካልተነበበ የቀድሞው ባለሙያ ቀይረውት ሊሆን ስለሚችል 115200፣ 38400፣ 19200 እና 57600ን በየተራ ይሞክሩ። እያንዳንዱን ሲቀይሩ መስኮቱን ዘግተው እንደገና ይክፈቱት።

ፍሎው ኮንትሮል የሚለውን፣ ማለትም አንዱ ወገን ሌላውን «ቆይ» ወይም «ቀጥል» የሚልበትን ሴቲንግ፣ ሰው ሁሉ ያልፈዋል፤ እርስዎ ግን አይለፉት። ፑቲ ሲጫን ይህን ቦታ ባዶ ሳይሆን ኤክስኦን ኤክስኦፍ በሚል ሞልቶ ስለሚመጣ «ነን» (None፣ «የለም» ማለት ነው) ወደሚለው ሊቀይሩት ይገባል። በሽቦ የሚደረገውን የሃርድዌር ፍሎው ኮንትሮል ከመረጡ ደግሞ የስዊቹ ጽሑፍ እየታየዎት እርስዎ የሚተይቡት ግን ጨርሶ የማይሄድበት ሁኔታ ይፈጠራል፤ ላፕቶፑ ከማይመጣ ፈቃድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ነገርም አለ፦ ኮንትሮልንና ኤስን በስህተት አብረው ከነኩ ስክሪኑ ባለበት ይደርቃል። ስዊቹ ቆሟል ብለው ከመደንገጥዎ በፊት ኮንትሮልንና ኪውን አብረው ይንኩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ጸጥ ካለ፣ የመጨረሻው አማራጭ ስዊቹ ሲነሣ የሚያወጣውን ጽሑፍ ማየት ነው። ኮንሶል ያለው ማንኛውም ስዊች ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ስለ ራሱ መናገር የሚጀምረው ፓስወርድም ሆነ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ነው። ይህ ግን ስዊቹን ማጥፋትና ማብራት ስለሚጠይቅ ምርት በሚካሄድበት ሰዓት አይሞከርም፤ ከፈረቃ ኃላፊው ጋር ተነጋግረው በፈረቃ መለዋወጫ ወይም በእሑድ ያድርጉት፤ ላፕቶፑንም አስቀድመው አዘጋጅተው ይጠብቁ። አንድ ጥንቃቄ አለ። ያልተቀመጠ ኮንፊግሬሽን በማጥፋት ስለሚጠፋ፣ የቀድሞው ባለሙያ በመጨረሻ የቀየሩትን ሴቭ አድርገውት እንደሆነ ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልም። መብራት በኮምቦልቻ ብዙ ጊዜ ሲጠፋና ሲመጣ ስዊቹ ራሱ ተነሥቶ ሥራውን ከቀጠለ ግን ያ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ከጥበቃ ሠራተኞችና ከኤሌክትሪክ ባለሙያው ይጠይቁ።

በካቢኔቱ አጠገብ ሲሠሩ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅለው በባትሪ ይሥሩ። የስፌት ማሽን ሞተሮች በበዙበት፣ ኧርዙም አስተማማኝ ባልሆነበት ሕንፃ ውስጥ የላፕቶፑ ቻርጀርና የካቢኔቱ ብረት በመካከላቸው የቮልቴጅ ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል፤ ያ ልዩነት መንገድ የሚያገኘው በቀጭኑ የሲሪያል ኬብል በኩል ነው። ላፕቶፑን ይዘው ካቢኔቱን ሲነኩ እጅዎን ነዘር የሚያደርግዎት ከሆነ ኬብሉን አይሰኩ፤ መጀመሪያ ኧርዙ ይታይ። በክረምት ነጎድጓድ ባለበት ሰዓትም ኮንሶል ላይ ተቀምጦ መሥራት አያስፈልግም።

የስዊቹ ጽሑፍ መነበብ ሲጀምር ፓስወርድ ይጠይቅዎታል። እዚህ ላይ ሰው ዘንድ መሄድ ከማንኛውም ቴክኒክ ይቀድማል፤ የቀድሞውን ባለሙያ በሰው ሰው ፈልገው በትሕትና ይጠይቋቸው፤ ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የሄደ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ካልተገኘ ግን የሁዋዌ ስዊቾች ሲነሡ ኮንትሮልንና ቢን በተገቢው ሰዓት በመንካት የሚከፈት ሜኑ አላቸው፤ በዚያ ውስጥ የኮንሶሉን ፓስወርድ ብቻ አልፎ ሙሉውን ኮንፊግሬሽን እንዳለ የሚጠብቅ አማራጭ ይገኛል። ከሪሴት የሚለየውም ይኸው ነው። ለዚህ ሥራ የፋብሪካው አስተዳደር በጽሑፍ እንዲያውቀው ያድርጉ። በካቢኔቱ ውስጥ የኢትዮ ቴሌኮም ወይም የሳፋሪኮም ንብረት የሆነ መሣሪያ ካለ ግን ኮንሶሉን እንዳይነኩት፤ እርሱ የአገልግሎት ሰጪው ድንበር ነው።

ሲገቡ ምንም ነገር ከመቀየርዎ በፊት ያንብቡ። ፑቲ ውስጥ ሎጊንግ የሚለውን አስቀድመው ከፍተው ስክሪኑ ላይ የሚያልፈው ሁሉ በፋይል እንዲቀመጥ ያድርጉ። ቀጥሎ «ስክሪን ሌንግዝ 0 ቴምፖራሪ» የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ፤ ያለበለዚያ ጽሑፉ በየገጹ እየቆመ ፋይልዎን በማይረቡ ምልክቶች ይሞላዋል። ከዚያ «ዲስፕሌይ ቨርዥን»፣ «ዲስፕሌይ ከረንት ኮንፊግሬሽን»፣ «ዲስፕሌይ ቪላን»፣ «ዲስፕሌይ ኢንተርፌስ ብሪፍ» እና «ዲስፕሌይ ማክ አድሬስ» የሚሉትን በየተራ ይጻፉ። የመጨረሻው የትኛው ማሽን በየትኛው ፖርት እንደተሰካ ስለሚነግርዎት ካቢኔቱን እየዞሩ ገመድ ከመከተል ያድንዎታል። በ9600 ፍጥነት አንድ ፊደል ለመላክ መነሻና መድረሻውን ጨምሮ 10 ቢት ስለሚያስፈልግ በሰከንድ 960 ፊደል ብቻ ነው የሚያልፈው፤ ረዘም ያለ ኮንፊግሬሽን ሲወጣ ቀስ ቢልብዎት ደህና ነው፤ ይታገሡት። በዚህ ስሌት ሶፍትዌር በኮንሶል መጫን ለምን እንደማይመከርም ይገባዎታል፦ 10 ሜጋባይት ፋይል ከሞላ ጎደል ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ያን ሥራ በኔትወርክ ይሥሩት።

ያገኙትን ፋይል ቢያንስ በሁለት ቦታ ያስቀምጡ፤ አንዱ ከፋብሪካው ውጭ ይሁን። ከዚህ ፋይል በኋላ ነው ስለ ለውጥ ማሰብ የሚቻለው። ለውጥ ሲያደርጉም ብዙ መስመር በአንድ ጊዜ ገልብጠው አይለጥፉ፤ ስዊቹ አንዱን ትእዛዝ እየፈጸመ ሳለ የሚመጡት ፊደላት ሊፈስሱበትና መሀል ላይ የተቆረጠ ትእዛዝ ሊፈጸም ይችላል። ቴራ ተርም በየመስመሩ መካከል ትንሽ እረፍት የመስጠት ሴቲንግ ስላለው ለዚህ ሥራ ከፑቲ እመርጠዋለሁ። ሲጨርሱ «ሴቭ» ብለው ማረጋገጫውን ይመልሱ። ሴቭ ያልተደረገ ለውጥ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ብቻ የሚኖር ነው።

ከኮንሶሉ ሲነሡ ኬብሉን ነቅለው ብቻ አይሂዱ። ኬብሉ ሲነቀል ስዊቹ እርስዎ እንደሄዱ አያውቅም፤ ክፍት የተዉት ክፍለ ጊዜ እስኪዘጋ ድረስ ቀጥሎ የሚሰካ ማንኛውም ሰው በእርስዎ ሥልጣን ይገባል። ብዙዎቹ የሁዋዌና የሲስኮ መሣሪያዎች ይህን የሚዘጉት ከ10 ደቂቃ ዝምታ በኋላ ነው፤ አንዳንድ ባለሙያ ደግሞ «አስቸገረኝ» ብሎ ያጠፋዋል። «ኩዊት» ብለው ይውጡ፤ የካቢኔቱንም ቁልፍ ይቆልፉ። ኮንሶሉ ዘንድ የደረሰ ሰው ስዊቹን በእጁ እንዳደረገ ይቆጠራል።

ከደሴ ሆነው ስለ መቆጣጠሩ የጠየቁትን በተመለከተ፣ ይቻላል፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በመጀመሪያ በኮንሶል ገብተው ለማኔጅመንት ብቻ የሚሆን ቪላንና አድራሻ ያዘጋጁ፤ ከዚያም ኤስኤስኤች የሚባለውን ግንኙነት ይክፈቱ፤ የሁዋዌ ሰነዶች «ስቴልኔት» ይሉታል። በፖርት 23 የሚሠራው ቴልኔት ፓስወርድዎን ሳይሸፍን እንዳለ በገመዱ ስለሚልከው ይዝጉት፤ በፖርት 22 የሚሠራው ኤስኤስኤች ግን ሁሉንም መስጥሮ ይልካል። ስዊቹን በቀጥታ ለኢንተርኔት ክፍት ማድረግ ግን በምንም ምክንያት አይገባም፤ ፖርት 22ን ቀንና ሌሊት የሚያንኳኩ አውቶማቲክ ፕሮግራሞች በዓለም ዙሪያ አሉ። ከደሴ መጀመሪያ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር) ወደ ፋብሪካው ኔትወርክ ይግቡ፤ ስዊቹም ከቪፒኤኑና ከእርስዎ የቢሮ ኮምፒውተር አድራሻ ውጭ ማንንም እንዳይቀበል በአክሰስ ሊስት ይገድቡት።

የርቀት ሥራ ትልቁ አደጋ የተቀመጡበትን ቅርንጫፍ ራስ መቁረጥ ነው። ከቤትዎ ሆነው ወደ ራውተሩ የሚሄደውን ፖርት ቪላን ቢቀይሩና ቢሳሳቱ፣ ግንኙነቱ ያን ሰከንድ ይቋረጣል፤ ማረሚያውም ካቢኔቱ ፊት ለፊት ብቻ ነው። በሌሊት፣ በሐረጎ ጭጋግ ውስጥ ከደሴ ኮምቦልቻ መውረድ ለአንድ የተሳሳተ መስመር የሚከፈል ተገቢ ዋጋ አይደለም። ስለዚህ አደገኛ ለውጥ ከማድረግዎ በፊት ያለውን ጤናማ ኮንፊግሬሽን ሴቭ ያድርጉ፤ ቀጥሎ «ስኬጁል ሪቡት ዲሌይ 10» ብለው ስዊቹ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ እንዲነሣ ያዝዙት፤ ከዚያ ለውጡን ሴቭ ሳያደርጉ ይሞክሩት። ግንኙነቱ ከተቋረጠ ስዊቹ ጊዜው ሲደርስ ተነሥቶ ወደ ጤናማው ይመለሳል። ለውጡ ከሠራ «አንዱ ስኬጁል ሪቡት» (undo schedule reboot) ብለው ቀጠሮውን ይሰርዙና ሴቭ ያድርጉ። ዳግም መነሣቱ መላውን አዳራሽ ለጥቂት ደቂቃ ስለሚያቋርጥ ይህንንም ከምርት ሰዓት ውጭ ያድርጉት። ባልደረባዎ በሚሠሩበት ማይክሮቲክ ላይ ኮንትሮልንና ኤክስን በመንካት የሚገባበት ሴፍ ሞድ ይህንኑ ሥራ ዳግም መነሣት ሳያስፈልገው ስለሚሠራ ይጠቀሙበት፤ በጁኒፐር መሣሪያዎች ደግሞ «ኮሚት ኮንፈርምድ» ካልጸደቀ በ10 ደቂቃ ራሱን ይመልሳል።

ፋብሪካው አነስተኛ ወጪ ከፈቀደ ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ። አንድ ከአገልግሎት የወጣ ላፕቶፕ ወይም ራስፕቤሪ ፓይ የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ካቢኔቱ ውስጥ አስቀምጠው የኮንሶል ኬብሉን በቋሚነት ከእርሱ ጋር ያገናኙት፤ ኢንተርኔቱን ግን ከፋብሪካው መስመር ሳይሆን በሲም ካርድ ከሚሠራ ሞደም ያግኝ። የፋብሪካው ፋይበር ከአንዱ አገልግሎት ሰጪ ከሆነ ሲሙ ከሌላው ቢሆን ይመረጣል። በሞባይል ዳታ ላይ የሚሰጠው አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የማይደረስበት ስለሆነ ከደሴ ሆነው ሊደውሉለት አይችሉም፤ ትንሹ ኮምፒውተር ራሱ ወደ ውጭ ወጥቶ ከቪፒኤን ሰርቨር ጋር እንዲገናኝና ግንኙነቱን ይዞ እንዲቆይ ማድረግ ያስፈልጋል። ከስዊቹ ጋር በአንድ ዩፒኤስ ላይ ይሁን። ያኔ የፋብሪካው ኔትወርክ ሙሉ በሙሉ ቢወድቅም ከደሴ ሆነው ኮንሶሉን እንደተጠጉ ያህል ይሠራሉ፤ ስዊቹ ሲነሣ የሚያወጣውን የመጀመሪያ ጽሑፍ እንኳ ከቤትዎ ያዩታል። ቴሌኮም ድርጅቶች ከከተማ ርቀው ያሉ ጣቢያዎቻቸውን የሚቆጣጠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው፤ እነርሱ የሚጠቀሙበት ዕቃ ትልቅና ውድ ከመሆኑ በስተቀር።

የነገ ሥራዎ እንግዲህ የሽቦዋ ፈተናና የ9600 ሴቲንግ ነው። ከዚያም በኋላ ስክሪኑ ጸጥ ካለብዎት፣ ሽቦዋ የሰጠችውን ውጤት፣ በዲቫይስ ማኔጀር የታየውን የመቀየሪያውን ሙሉ ስም፣ የስዊቹን ሞዴልና የፊት መብራቶቹ እንዴት እንደሚበሩ ጽፈው ይላኩልኝ። ኮንፊግሬሽኑን ማያያዝ ቢፈልጉ «ሳይፈር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያሉትን ረዣዥም ፊደላት (የተመሰጠሩ ፓስወርዶች ናቸው)፣ እንደ ፓስወርድ የሚያገለግሉትን የኤስኤንኤምፒ ኮሚዩኒቲ ስሞችንና የፋብሪካውን የውጭ አይፒ አድራሻ አስቀድመው ያጥፉ።